ሁዳን ይዘን ፔሪ የሄድን ጊዜ

በአላህ ስም፣ እጅግ በጣም ሩኅሩኅ በጣም አዛኝ በሆነው።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እታለሜ ነዚፋ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ብርዱ ሲገባ ይጠዘጥዘኛል ያልሽው ቀለል አለልሽ? ጋሽ ከሊፋን ሳሉ ተዋቸው? ጀዕፈር ሥራው እንዴት ይዞታል? ክረምቱ እንዴት አለፈ፣ ማሽላው ፍሬ ያዘ? እኛ አልሐምዱሊላህ በአካል ደህና ነን። መህዲ ደህና ነው። ሁዳ ደህና ናት፤ ቁመቷ እኔን አልፎኛል፣ ጫማችን እንኳ አንድ ቁጥር ሆኗል። ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ እንደ ወትሮው ልጽፍ ነበር። ግን የጎደለ ነገር አለ፣ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው ቀን ገና ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝና ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። በሁለተኛው ቀን ማልቀስ ስጀምር አንቺ «ተይው፣ ምንም ይሁን ምን አፉ ብያለሁ» አልሽኝ። ምን እንዳጠፋሁ ሳትሰሚ አፉ እንድትይኝ አልፈልግም። ስለዚህ በወረቀት አደረግኩት። የምታደርስልሽ ፋናዬ የምትባል፣ እዚህ አብራኝ የምትሠራ የደሴ ልጅ ናት፤ እናቷን ልትጠይቅ ነው የምትመጣው። ጀዕፈር፣ ለእናትህ የምታነብላት አንተ ነህና አደራህን፣ የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርስ እንዳትዘል። እንዳለ አንብብላት።

እታለሜ፣ ልጃችንን ሁዳን ሦስት ዓመት ሳይሞላት «ስድስት ወር ያዥልኝ፣ እግራችንን ተክለን እንወስዳታለን» ብዬ እጅሽ ላይ ትቻት ሄድኩ። ወረቀቱ ሲጓተት፣ እኛም ከሥራ ሥራ ስንዘዋወር ስድስቱ ወር ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በ2015 ሰኔ ላይ አትላንታ አየር ማረፊያ ስቀበላት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እጄን ጨብጣ፣ ጉንጬን ስማ «እንደምን ዋሉ» አለችኝ። አንቱ ብላኝ። ያን ቀን ለማንም ነግሬ አላውቅም። እሷ ምን ታድርግ፤ በስልክ መስታወት የምታየኝ፣ ለዒድ ልብስ የምትልክ ሴት ነበርኩ።

አንቱታውን በስንት ልመና አስተውኳትና «ነዒማ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። አንቺን ግን «እማ» ነው የምትልሽ። መጀመሪያ ግድ አልሰጠኝም፤ ያሳደገቻት እሷ ናት አልኩ። እያደር ግን ከበደኝ። ካንቺ ጋር ካወራች ሁለት ቀን እህል አይዘልቃትም፤ ክፍሏን ዘግታ ትተኛለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «ብይ እንጂ» እላለሁ፣ እሷ «አልራበኝም» ትላለች። መህዲ «ጊዜ ስጫት» ይለኛል። እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኳትን ልጅ አንቺ በስልክ መልሰሽ የምትወስጂብኝ መሰለኝ። ቃሉን ሳልሸፋፍን ልጻፈው፤ ቀናሁብሽ።

የዚያን ዓመት ነሐሴ እናንተ ዘንድ ኔትወርኩ ሲቋረጥ ሁዳ በየቀኑ ትሞክር ነበር። «ኔትወርክ የለም፣ ሲመለስ ትደውላለች» አልኳት። ያኔ እውነት ነበር። ልጅቷም ቀስ በቀስ መብላት ጀመረች፤ ትምህርት ቤት ስለዋለችበት ሁለት ሦስት ነገር ማውራት ጀመረች። እኔም ይኸው ዕረፍት አገኘች ብዬ ደመደምኩ። ከብዙ ወራት በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ አንቺ ስልክሽ ጠፍቶ አዲስ ቁጥር አውጥተሽ ነበር። «ለሁዳ ስጪልኝ» ብለሽ በጀዕፈር ስልክ ላክሽልኝ።

አልሰጠኋትም።

ለሷ «አሁንም ኔትወርክ የለም፣ በሰው ሰላም ብላሻለች» አልኳት። በአሮጌው ቁጥርሽ ስትሞክር አይሠራም፤ ስልኩ ራሱ ለውሸቴ መሰከረልኝ። ላንቺ ደግሞ «ትምህርት በዝቶባት ነው፣ አማርኛውም እየጠፋት ስለሆነ ማውራት ታፍራለች» አልኩሽ። አንቺ የምትደውይበት ሰዓት እኛ ዘንድ ቀን ነው፣ እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ ስለዚህ መዋሸቱ አላስቸገረኝም። ለመህዲም ለሷ ያልኳትን ነገርኩት። እሱ ሰኞ በትራክ ወጥቶ ዓርብ የሚመለስ ሰው ነው፣ ያልኩትን አመነ። ልጅቷ እስክትለምደኝ አንድ ወር ብቻ ብዬ ነበር። ከዓመት በላይ ሆነ። ሁዳ በየጁምዓው «ኔትወርክ መጣ?» ትለኝ ነበር፤ በኋላ መጠየቁን ተወች። «ለመደች» ብዬ ለመህዲ ነገርኩት። ደስ ብሎኝ ነው የነገርኩት፣ እታለሜ።

አሁን ወደ ጉዞው ልምጣ፤ ነገሩ የወጣው በሱ ነው። የሁዳ ትምህርት ቤት የእርሻ ክበብ አለው። አሜሪካ ውስጥ ልጆች ትምህርት ቤት ፍየል ያረባሉ ብልሽ ይገርምሽ ይሆናል፤ ግን ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በረት አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ተራ ገብተው ይጠርጋሉ። ሁዳ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ የመረጠችው እሱን ነው። ሰውነቷ ነጭ፣ ራሷ ቀላ ያለ አንዲት እንስት ፍየል ደረሰቻት፤ ዳሚት አለቻት። ጠዋት ከአውቶቡሱ በፊት እኔ አደርሳታለሁ፣ አብልታት አጠጥታት ክፍል ትገባለች። እኔ ሽታው ልብሷ ላይ ሲቀር እቆጣ ነበር። «እዚህ ድረስ ያመጣሁሽ ለፍየል ነው?» ብያት አውቃለሁ። 

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ ላይ ፔሪ በምትባል ከተማ ስቴት ፌር የሚሉት ትልቅ የገበሬ አውደ ርዕይ አለ፤ ከአትላንታ ወደ ደቡብ ሁለት ሰዓት ያስነዳል። ገበሬውም ተማሪውም ከብቱን ፍየሉን ይዞ ይመጣል፣ ዳኛ አይቶ ይሸልማል። አስተማሪዋ ፍየሎቹን በትምህርት ቤቱ ተጎታች ቀድማ ትወስዳለች፣ የብዙ ልጆች ቤተሰብ ደግሞ በአርቪ ሄዶ እዚያው ይሰፍራል አለችን። ከዚያ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ «ትመጣላችሁ?» አለች። እዚህ ከመጣች ጀምሮ ከኔ የጠየቀችው የመጀመሪያው ነገር ነበር። ጫማ እንኳ ሲያልቅባት እኔው አይቼ ነው የምገዛላት።

አርቪ የሚሉት ቤትና መኪና አንድ ላይ የሆነ ነገር ነው፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ መጸዳጃ አለው፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ መሪ። መህዲ ካሳሁን ከሚባል የሥራ ጓደኛው፣ ከአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ተዋሰው። ካሳሁን ያገለገለ አርቪ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሚስቱ ውቢት «ከኔ ይልቅ ለሷ ነው የሚያስብላት» ትላለች። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ሦስት እሁድ አስተማረን። ውኃው በየት እንደሚገባ፣ ቆሻሻው በየት እንደሚወጣ፣ ኤሌክትሪኩ ከካምፑ ምሰሶ ላይ እንዴት እንደሚሰካ፣ ዝቅተኛ ድልድይ ሥር እንዳንገባ ቁመቱ ስንት እንደሆነ። መህዲ ስንት ዓመት ትራክ የነዳ ሰው ነው፤ ካሳሁን ግን አላመነውም። «ትራክ ውስጥ ሳህን የለም» አለው። ባዶ ፓርኪንግ ፈልገው ሲያለማምደው ሁዳና እኔ ከኋላ ተቀምጠን፣ በዞረ ቁጥር የቁምሳጥኑ በር ሲበረገድ በተራ እየተነሳን እንዘጋለን።

እነዚያ ሳምንታት ጥሩ ነበሩ። እኔ ደንዉዲ ካለው ሆቴል፣ ከሥራዬ፣ ዓርብና ቅዳሜን ኦፍ ጠየቅኩ። የካምፑን ቦታ በስልኬ ሪዘርቭ አደረግኩ፤ ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። ከመግሪብ በኋላ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን እናቅዳለን። የሚያዘውን ነገር ዝርዝር ሁዳ ጻፈች። በአማርኛ ነው የጻፈችው። ምስር፣ በርበሬ፣ መስገጃ፣ ብርድ ልብስ፣ የዳሚት ብሩሽ፣ የመህዲ የጨጓራ ኪኒን። ጀዕፈር ያስያዛት ፊደል አንድም አልተሳሳተ። ላንቺ ጠፋት ያልኩሽ አማርኛ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ወረቀቱን አይቼ አንገቴን ደፋሁ፤ እሷ የምስሩን መጠን የማሰላ መስሏት ጠበቀችኝ።

አንድ ቀን የአርቪውን አልጋዎች እየቆጠረች ሳለ «ስድስት ሰው ያስተኛል፣ እኛ ሦስት ነን» አለች። ቀጥላም «ኔትወርኩ ሲስተካከል ለእማ የጥሪ ወረቀት ብንልክላት ለሚመጣው ዓመት ትደርስ ነበር» አለች። ለካ አልተወችውም። ለካ አሁንም ኔትወርኩን እየጠበቀች ነው። ያን ዕለት ልነግራት እችል ነበር። ብቻችንን ነበርን፣ አልተቆጣችም፣ ቸኩላም አልነበረም። አዲሱ ቁጥርሽ እጄ ላይ ባለው ስልክ ውስጥ ነበር። «ኢንሻአላህ» አልኳት። የአላህን ስም ጠርቼ ዋሸኋት። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሳይሆን ሊቀር ይችል ነበር።

መስከረም 30 ዓርብ ነበር። ከጁምዓ መልስ ወጣን። የአትላንታን የመኪና ጭንቅንቅ አልፈን ወደ ደቡብ ስንወርድ መህዲ ፍሬን ሲይዝ ቁምሳጥኑ ተበርግዶ የምስሩ ድስት ክዳን እስከ መሪው ድረስ ተንከባለለ። መህዲ «ካሳሁን ሰምቷል!» ብሎ ሲደነግጥ ሁዳ ሳቀች። ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። አንቺን ነው የምትመስለው ስትስቅ፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ የላትም። ያንን ሳቅ ቤቴ ውስጥ አይቼው አላውቅም ነበር። እኔም አብሬ እየሳቅኩ፣ ከዚህ በኋላ እንግዲህ ልጄ ናት አልኩ በልቤ።

ሜከን የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን መህዲ የካምፑ ቦታ ቁጥራችን ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥሩ ስልኬ ላይ ነበር፤ ስልኬ ደግሞ መንገድ እንዲመራን ከአርቪው ድምፅ ማጉያ ጋር ተያይዟል። ሁዳ አነሳችው። ገና እየፈለገች መልእክት ገባ። የጀዕፈርን ስም ስታይ «ኔትወርክ መጣ!» አለችና ተጫነችው። ድምፅሽ መኪናውን ሞላው።

ምን እንዳልሽ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን እኛ እንዴት እንደሰማነው እንድታውቂ ልጻፈው። «ነዒማ፣ እኔ ነኝ። ልጅቷን እንዳታስጨንቂያት ብዬ ነው። መደወል ካልፈለገች ተያት፣ ልጅ ናት፣ አገሩም ሌላ ነው። አልከፋኝም። ያቺ ያሳደገቻት ፍየል መንታ ወልዳለች፤ እሱን ብቻ ንገሪያት። ከጠየቀች ማለቴ ነው።»

 መንገድ መሪዋ ድምፅ «በቀጥታ ይሂዱ» አለች። ሁዳ ስልኩን ወደ ላይ እየገፋች ታያለች፣ እኔ ጣቷን አያለሁ። ሠላሳ ሰባት መልእክት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ እሰማቸው ነበር፤ በኋላ ድምፅሽን መስማት ሲከብደኝ ሳልከፍት አልፋቸው ጀመር፣ ያልተሰሙ መሆናቸውንም ስልኩ ይናገራል። ሁዳ ከድምፅ ማጉያው ነቀለችው፣ ተነሳች፣ ከኋላ ያለው አልጋ ላይ ወጥታ መጋረጃውን ሳበች። ከዚያ በኋላ የምሰማው ድምፅሽን ብቻ ነው፣ ቃሉ አይለይም፣ አንዱ ያልቅና ሌላው ይቀጥላል።

መህዲ ከአውራ ጎዳናው ወጥቶ የመኪና ማሳረፊያ ላይ አቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ «ኔትወርክ የለም ብለሽኝ ነበር» አለኝ። አዎ አልኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። መሪውን እንደያዘ «እኔስ አባቷ ሆኜ አንድ ቀን እንኳ ራሴ ደውዬ አልጠየቅኩም» አለ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ሁዳ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር እንጂ አታለቅስም። እኔ የማስረዳት ነገር ጀመርኩ፤ አንቺም ስታለቅሺ፣ እሷም ስታለቅስ፣ እኔ አልቻልኩም ምናምን አልኩ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ «እማ የረሳኋት መስሏታል» አለች። ይህንኑ ብቻ። እናንተ ዘንድ እኩለ ሌሊት እየሆነ ስለነበር መደወል አልቻለችም፤ ጣቷን እየቆጠረች ሰዓቱን ስታሰላ አየኋት።

ካምፑ ደርሰን ውኃውን አገናኘን፣ ኤሌክትሪኩን ሰካን፣ ካሳሁን እንዳስተማረን ጎማው ሥር እንጨት አደረግን። ጎረቤቶቻችን ደጋግ ሰዎች ነበሩ፤ አንድ ሽማግሌ መጥቶ መህዲን አግዞታል። ምስሩን አሞቅኩ። ሁዳ ሳህኗን ተቀብላ «አመሰግናለሁ» አለችኝና ወደ ፍየሎቹ በረት ሄደች። ምግቡ ላይ አላኮረፈችም። እንደ እንግዳ አመሰገነችኝ።

ውድድሩ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። አዳራሹ የአዋሽ ድልድይን የሚያህል ርዝመት አለው፣ ወለሉ ሰጋቱራ ተነስንሶበታል። ሁዳ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ ነጭ ሒጃብ አድርጋ ዳሚትን በአንገቷ ይዛ ገባች። ወደ ሃያ የሚጠጉ ልጆች ናቸው። ዳኛው ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ነው፤ እየዞረ የፍየሎቹን ወገብ ይዳስሳል፣ ልጆቹን አንዳንድ ነገር ይጠይቃል፣ መልሱ በማይክሮፎን ይሰማል። ሁዳ ጋ ሲደርስ ፍየሏ ከመታመሟ በፊት ጤናዋን በምን ታውቂያለሽ አላት። ሁዳ በርከክ አለችና የዳሚትን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ አሳየችው። ውስጡ ቀይ መሆን አለበት፣ ከነጣ ትል ደሟን እየጠጣው ነው አለች። አንቺ ደጃፍሽ ላይ ቆመሽ ገዢ ሲመጣ የምታደርጊው ነው እኮ፤ እኔ ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ አይቼሻለሁ። ዳኛው ሳቅ ብሎ ይህን ያስተማረችሽ አስተማሪሽ ናት ወይ አላት። «አይደለችም፣ እናቴ ናት» አለችው።

ሰው አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ልጅቷን በዓይኔ ስከተል አይታ ኖሮ ትከሻዬን መታ አድርጋ «ጎበዝ አድርገሽ ነው ያስተማርሻት» አለችኝ። እታለሜ፣ ያን ጊዜ እንኳ «እኔ አይደለሁም፣ እህቴ ናት» ማለት አልቻልኩም። ራሴን ነቅንቄ ታንክ ዩ አልኳት። ያንቺን ምስጋና ተቀብዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ይኸንንም አብረሽ ቁጠሪው።

ሦስተኛ ወጣች። ነጭ ሪባን ሰጧት። መህዲ ፎቶ አነሳት፣ ከኔ ጋርም አንድ ተነሳች፤ ፎቶው ላይ ሁለታችንም እንስቃለን፣ ልኬልሻለሁ፣ አታምኚው። ከዚያ የመህዲን ስልክ ተቀብላ፣ ቁጥርሽን ከኔ ጽፋ፣ ወደ አርቪው ሄደች። እናንተ ዘንድ አመሻሽ ነበር። እኔ የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ተከተልኳት። መግባት ፈርቼ ከደረጃው ሥር ቆምኩ፤ በሩ ወንፊት ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል።

መጀመሪያ ለቅሶ ነበር፤ ያንቺም የሷም። ቀጥሎ አንቺ ምን እንዳልሻት አልሰማሁም፤ የሷን መልስ ግን ሰማሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው እማ። ትምህርት በዝቶብኝ ነው፣ ቁጥርሽም ጠፍቶብኝ ነበር። ነዒማ ሁልጊዜ ደውይላት ትለኝ ነበር።»

በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ስትወጣ እዚያው ቆሜ አገኘችኝ። እንደሰማሁ ገባት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፣ እኔም ከሥሯ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደዚያ እንዳለች ጠየቅኳት። ሪባኑን ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። ኋላ «አንቺ እህቷ ነሽ። ሌላ እህት የላትም» አለችኝ። «እኔ ብረሳት ይሻላታል፣ አንቺ ከምትዋሻት።»

አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ጥፋቴን ተሸክማ አንቺን ከኔ ልታተርፍሽ፣ እኔንም ካንቺ ልታስታርቀኝ ያሰበችው ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኔ በሷ ዕድሜ ቢሆን፣ አሁን ባለሁበት ዕድሜም ቢሆን፣ እንዲህ ያለ ነገር አላስብም። ይህንን ካንቺ ነው የያዘችው፤ ሌላ ከየት ታመጣዋለች?

ስለዚህ ከአፌ ስሚው። ሁዳ አልረሳችሽም። ትምህርት አልበዛባትም፣ ቁጥርሽም አልጠፋባትም፤ ደብቄባት ነው። አማርኛዋ ካንቺ ዘንድ እንዳመጣችው ነው። በየጁምዓው ትጠይቀኝ ነበር። አንቺ «ከጠየቀች» ብለሽ በምትልኪበት ጊዜ ሁሉ እየጠየቀች ነበር። ስታወሪያት «ለምን ዝም አልሽኝ» ብለሽ እንዳትወቅሻት፣ በቀልድም ቢሆን። ስትወቅሻት ጥፋተኛ እንደሆነች አድርጋ ትቀበልሻለች፣ እኔም ከክፍሏ ውጭ ቆሜ ይህንን መስማት አልችልም።

ቤታችን ከዚያ ወዲህ ፀጥ ያለ ነው። ሁዳ አታመናጭቀኝም። ሳህን ታጥባለች፣ ሥራ ስገባ «በሰላም ዋይ» ትለኛለች። መጠየቅ ግን ትታለች፤ ትመጣላችሁ ወይ ብላ እንደጠየቀችኝ ዓይነት መጠየቅ። ለሚመጣው ዓመት ፌር ቦታ ሪዘርቭ ላድርግ ወይ ብያት «እንደፈለግሽ» አለችኝ። አንዳንዴ ቀድሞ የነበረንን ቅዝቃዜ እመኛለሁ፤ ያኔ ገና አታውቀኝም ነበር፣ አሁን ግን አውቃኝ ነው።

ከመህዲ ጋር ተመካክረናል። ግንቦት መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ አላህ ካለ ሐይቅ እናንተ ዘንድ ትመጣለች። ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልቆይ ብልስ?» የሚል ነበር። ለመቆየት ብታስብ እንዳልይዛት ቃል አስገባችኝ፤ ገባሁላት።  አንቺን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለኔ አዝነሽ «እናትሽ ብቻዋን ናት፣ ተመለሺላት» እንዳትያት። የመጀመሪያውን ጊዜ እኔና መህዲ ወሰንንባት፣ ሁለተኛውን ጊዜም እንደዚያው። ይህኛውን እሷ ትወስን። ብትመለስ አውቃ ትመለስ፤ ብትቀር ያጣኋት በአሁኑ ጉዞ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አፉ በይኝ ልልሽ ነበር፤ እዚህ ስደርስ አፈርኩ። ጀዕፈር አንብቦ ሲጨርስ ወዲያው እንዳትደውይልኝ። ጥቂት ቀን ተቆጪ። ዕድሜ ልክሽን ለኔ ስትይ የዋጥሽው ቁጣ ብዙ ነው፣ ይህንን አትዋጪው።

ለጋሽ ከሊፋ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ልጅቷን ካንቺ ጋር እንደ ልጃቸው አሳድገው አስተምረው ለዚህ ማብቃታቸውን አንድ ቀን አመስግኛቸው አላውቅም፣ ጤና ይስጣቸው። ጀዕፈር፣ መልእክቶቹን ሁሉ የላክኸው አንተ ነህና መልስ ሳይመጣ ስንት ጊዜ ስልክህን እንዳየህ አላጣሁትም፤ አንተንም በድያለሁ። ጎረቤቱን፣ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ስም እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። መህዲ በጣም ሰላም ይልሻል፤ በራሱ ስልክ ራሱ ሊደውልልሽ ነው፣ አፍሮ ከተንተባተበ ታገሺው።

ሁዳ ይህንን ደብዳቤ አንብባዋለች። ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችና አጥፋ መለሰችልኝ። በማግስቱ ፋናዬ ልትመጣ ስትል የሷን ወረቀት ለብቻው በፖስታ አሽጋ ሰጠችኝ። ከዚህ ጋር አብሮ ይደርስሻል። አልከፈትኩትም።

ታናሽ እህትሽ ነዒማ
ስኔልቪል፣ አትላንታ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.